አንድ ሊትር ውኃ ስንት ጁል ይፈልጋል?

«ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው ምክር ቀላል ይመስላል። እኛ የፊዚክስ መምህራን ግን ምክሩን በጁል መንዝረን ማየት እንወዳለን።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከቀያቸው የተፈናቀሉ በርካታ ወገኖቻችን በሐብሩ ወረዳ በጃራ መጠለያ ሰፍረው ነበር። አንድ ሊትር ውኃ እስኪፈላ ከ300,000 ጁል በላይ ሙቀት ይወስዳል። በሦስት ጉልቻ ላይ ከማገዶው ሙቀት አንድ አሥረኛው ብቻ ድስቱን ያገኛል ብንል፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 4 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ እንጨት ይበላል። በሺህ አባወራ ሲባዛ የአካባቢው ቁጥቋጦ ምን እንደሚተርፈው አንባቢ ይገምት። የተራቆተ ተዳፋት ደግሞ ጎርፍ ይጠራል።

ከግራና ሜዳ ሥር፣ ከምዕራቡ ተራሮች የሚወርደው ዝናብ በደለሉ ውስጥ ሰርጎ ይጠራቀማል። ምንጭ በድርቅ ሲነጥፍ ይህ ውኃ ይቆያል። የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራምም ለመስኖ ተጠቅሞበታል። ጥልቀቱን 60 ሜትር ብንወስድ፣ አንዱን ሊትር ለማውጣት 600 ጁል ገደማ ይበቃል፤ ከማፍላቱ አንድ አምስት መቶኛ! ፓምፑ ግማሹን ኃይል ቢያባክን እንኳ፣ ለ10,000 ሰው በቀን 15 15 ሊትር ለማዳረስ 10 ኪሎዋት ገደማ የፀሐይ ፓናል ይበቃል። በእርግጥ ክሎሪኑ አይቀርም፤ ጀሪካን ራሱ ውኃ ይበክላልና።

ስለዚህ ለተፈናቃይ ውኃ በቦቴ ማመላለስ ከጥቂት ሳምንታት በላይ ሊዘልቅ አይገባም እንላለን። ጉድጓዱ ተፈናቃዩ ሲመለስም ለነዋሪው ይቀራል። የሚያሳስበን ሌላ ነው፦ የፓምፑ መቆጣጠሪያ ሲቃጠል የሚጠግነው ባለሙያ ከመርሳ ይገኛል ወይስ ከአዲስ አበባ ይጠበቃል?