የቅዳሜው መንገድ ለእግረኛው

እሑድ ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገዶች ለተሽከርካሪ ተዘግተው፣ ሕዝቡ በእግርና በብስክሌት እንደ ልቡ መዘዋወሩ የሚመሰገን ነው። ለዲመካ ግን እሑድን መምረጥ ከንቱ ድካም ይመስለናል፤ የእኛ መንገድ የሚጨናነቀው በገበያችን ቀን በቅዳሜ ነውና። ማርና ቅቤ ተሸክሞ፣ ፍየሉን እየነዳ ከሩቅ የሚመጣው የሐመር ሰው በእግሩ ሲመጣ፣ አቧራ የሚያለብሰው የጭነት ካሚዮንና የቱሪስት መኪና ነው። (አቧራ የጠጣ ቅቤ ዋጋው እንዴት እንደሚወድቅ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።) ስለዚህ ካሚዮኖች ጭነታቸውን ዓርብ ማታ እንዲያራግፉ፣ የቱሪስት መኪኖችም ከገበያው ርቀው እንዲቆሙ ቢደረግ መልካም ነው። ከመደብር ወደ ገበያ የሚወጣው ዕቃ በብስክሌት ይመላለስ፤ ሐመሮች አብዝተው የሚገዙት የቡና ገለባ እንደሆነ ጆንያው ቀላል ነው። ምክር ቤታችንም ይህንኑ ለወረዳው አስተዳደር እንዲያመለክትልን በአክብሮት እንጠይቃለን።