እጅ ያወጣው ማን ነበር?

«አንድ የምክር ቤት አባል በአምስት ዓመት ዘመኑ አንድም ቃል ሳይናገር ቢወጣ ምን ይባላል?» አለ የጸሐፊው ወዳጅ። ዕለቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ ማብራሪያ የሚሰጡበት፣ ቴሌቪዥንም ስብሰባውን በቀጥታ የሚያስተላልፍበት ቀን ነበር። የሚጠይቁት ጥቂቶች፣ የሚያዳምጡት ብዙዎች ናቸው።

ጸሐፊው ለመፍረድ አልቸኮለም። ረቂቅ አዋጅ በቋሚ ኮሚቴ ውስጥ አንቀጽ በአንቀጽ ሲፈትሽ፣ የዋና ኦዲተርን ግኝት ይዞ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ሲጠይቅ የከረመ አባል በዚያ ቀን ማይክ ላይደርሰው ይችላል። «ይህን ሁሉ መሥራቱን ግን አንተ መራጩ በምን ታውቃለህ? በስሙ ፈልገህ የምታነበው መዝገብ በእጅህ የለም» አለው።

«ቃለ ጉባኤ ይያዝ የለም እንዴ?»

«ይያዛል። መያዙ አንድ ነገር ነው፣ መራጩ ዘንድ መድረሱ ሌላ። ነጋሪት ጋዜጣ የጸደቀውን አዋጅ ያወጣል፤ በአዋጁ ላይ ማን ምን ብሎ እንደተከራከረ ግን አያወጣም።»

ጨዋታው ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። እዚያም ቢሆን መዝገቡ በቀላሉ አልተገኘም። የፓርላማ ክርክር ማተም በተከለከለበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ መጀመሪያ፣ አንድ የለንደን መጽሔት ፓርላማውን «የሊሊፑት ሸንጎ» እያለ ክርክሩን በዘዴ ያወጣ ነበር። ክርክሩን የሚጽፈው ሳሙኤል ጆንሰን ነበር፤ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱት የ«ራስላስ» ደራሲ። ጆንሰን ሌሎች ካመጡለት ቁርጥራጭ ማስታወሻ እየተነሣ ንግግሮቹን ራሱ ይደርሳቸው ነበር።

«ታዲያ ሕዝቡ ያነበበው የተወካዮቹን ቃል አይደለማ!»

አልነበረም። ዛሬ ሀንሳርድ የሚባለው ይፋዊ መዝገብ የእያንዳንዱን አባል ንግግር በስሙ ያሰፍራል፤ ስም እየተያዘ የተሰጠ ድምፅም እንደዚሁ። በኬንያም ምዛሌንዶ የተባለው ተቋም የአባላቱን ተሳትፎ ከፓርላማው መዝገብ እየለቀመ ለሕዝብ ያቀርባል። የተመሠረተበት ምክንያት ራሱ ይገርማል። ፓርላማው የአባላቱን የትምህርትና የሥራ ታሪክ በድረ ገጹ ሲያወጣ አባላቱ ተቃወሙ፤ ድረ ገጹም ተዘጋ። ይህን ያዩ ኦሪ ኦኮሎና ባልደረባዋ መረጃውን ራሳቸው መሰብሰብ ጀመሩ።

«ታዲያ ተቆጥሮ በደረጃ ይለጠፋ» አለ ወዳጁ፤ «ብዙ የተናገረ አንደኛ ይውጣ።»

እዚህ ላይ ጸሐፊው አልተስማማም። በእንግሊዝ ይህ ቆጠራ ይፋ መውጣት ሲጀምር፣ አንዳንድ አባላት ቁጥር ለማሳደግ ብቻ ብለው ይናገራሉ የሚል ወቀሳ ተነሥቷል። ቁጥር የሚጠቅመው ለመጠየቅ መነሻ ሲሆን ነው። ሃያ ጊዜ አመስግኖ ከተቀመጠ ይልቅ፣ አንድ ጊዜ ተነሥቶ የበጀት ጉድለት የጠየቀ ለመራጩ የበለጠ ሠርቷል፤ ይህን የሚያሳየው የንግግሩ ቃል እንጂ ብዛቱ አይደለም።

ከዚያ ወደ አገር ቤት ተመለሱ። በ2002 ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን በወቅቱ ገዢ የነበረው ግንባር ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙ። ከእነርሱ ውጭ የገቡት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስና ከመድረክ አቶ ግርማ ሰይፉ። በእነዚያ ዓመታት ዜናው «በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ» ሲል፣ ሰሚው የማን እጅ እንደሆነ ለመገመት አይቸገርም ነበር። አቶ ግርማ የድምፅ መዝገባቸው እንዲህ በአገር የታወቀላቸው፣ ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ተወካይ ስለነበሩ ነው። በ2007 ምርጫ ደግሞ 547ቱም መቀመጫዎች በገዢው ፓርቲና በአጋሮቹ ተያዙ።

«ከዚያ ወዲያ በሙሉ ድምፅ ሆነ፤ የሚመዘገብ ነገር ቀረ።»

«እንዲያውም መዝገብ ከምንጊዜውም በላይ ያስፈለገው በዚያ ምክር ቤት ነው» አለ ጸሐፊው፤ ድምፁም ጠንከር አለ። የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በዓድዋ በዓል ዕለት፣ ምክር ቤቱ መንግሥት ያቀረበለትን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለማጽደቅ ተሰበሰበ። የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የተነገረው የድጋፍ ድምፅ 346 ነበር፤ ይህ አይበቃም። ቆይቶ ቁጥሩ ታረመና 395 ተባለ፤ ይህ ያልፋል። በአዋጁ ዕጣ ላይ ቁርጡን የለየው ይህ የ49 ድምፅ ልዩነት ነው። 88 አባላት ተቃወሙ፤ 7 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ድምፅ የተሰጠው እጅ በማውጣት ስለነበር የተነገረው ድምር ብቻ ነው፤ የስም ዝርዝር አልተነበበም።

ወዳጁ ዝም ብሎ ሰማ። «ሰማንያ ስምንት ሰው» አለ በመጨረሻ።

«አዎ፤ ሁሉም ከገዢው ግንባርና ከአጋሮቹ ወገን። ፓርቲያቸው ካቀረበው አዋጅ በተቃራኒ እጅ ማውጣት ቀላል ነው? የሚያመሰግን መራጭ ያመስግናቸው ነበር፤ የሚቆጣም ይቆጣቸው ነበር። ሁለቱም ስም አጡ። 49 ድምፅ በምን ተገኘ ብሎ የሚጠይቅ ዜጋም እጅ በእጅ የሚያመሳክርበት ዝርዝር አልነበረውም።»

ሕገ መንግሥቱ በዚህ ላይ ጥሩ መሠረት አለው። አንቀጽ 54 አባሉ በምክር ቤት በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት እንዳይከሰስ ይጠብቀዋል፤ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንዲገዛም ያዝዘዋል። ይኸው አንቀጽ መራጩ አመኔታ ካጣበት ውክልናውን ሊያነሣበት እንደሚችል ይደነግጋል። መራጩ ግን የተወካዩን ድምፅ ሳያውቅ ይህን መብቱን በምን ይጠቀምበት?

«እስከዚያው እኔ ምን ላድርግ?»

«ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ሥራውን ሲያበቃ ተወካይህ ወደ መራጩ ይመጣል። ስለ መንገዱና ስለ ውኃው ጠይቀው፤ ማንም ይጠይቀዋል። ቀጥለህ ዘንድሮ ከጸደቁት አዋጆች የትኛውን ተቃወምህ፣ የትኛውን ደገፍህ፣ ለምን? በለው።»

«ባይመልስልኝስ?»

«በስብሰባው ላይ ብቻህን አይደለህም። ጎረቤቶችህም ጥያቄውን ይሰሙታል፤ በሚቀጥለው ዓመት እነርሱም ይጠይቁታል።»