ጀበናውን ቀለም አትቀቡብን

የበዓል ዋዜማ ነው። ጀበና ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት በሙሉ ያብረቀርቃሉ። ግማሾቹ እንደ ጫማ ቀለም የጠቆሩ፣ ግማሾቹ ደግሞ አንገታቸው ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የተቀቡ ናቸው። «ያልተቀባ የለም?» ብዬ ብጠይቅ ሻጩ ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ ያልተቀባ ማን ይገዛል?»

ገዝቼ ሄድኩ። ከሰል ላይ ሲጣድ ከዕጣኑ ቀድሞ ቤቱን የሞላው የቀለም ሽታ ነው። በሁለተኛው ቀን ቢጫው መላጥ ጀመረ። እናቴ ረከቦቱ ላይ የረገፈውን ቅርፊት በመዳፏ ጠራረገችና፣ እጇን ሳትታጠብ ለልጆቹ ቆሎ ዘገነችላቸው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ቆሎ ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። እሳት ላይ የሚጣድ ሸክላ በዘይት ቀለምና በቫርኒሽ መቀባት ይቁም። ገዢው «የሚያብረቀርቅ ስጡኝ» ማለቱን ይተው፣ ነጋዴውም ቆርቆሮውን ይክደን። ለሸክላ ሠሪዎቻችን እናስባለን የምንል ሰዎችም ከብሩሽና ከቀለም የተሻለ ነገር ይዘንላቸው እንሂድ።

ስለ ጤናው ላንሳ፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ሊያከራክር ይችላል፣ ይህኛው ግን ብዙም አያከራክርም። ነገሩ እርሳስ ነው። የመጻፊያውን እርሳስ አይደለም የምላችሁ፤ የመኪና ባትሪና የጥይት ማዕድን የሆነውን እርሳስ ነው። በዘይት ቀለም ውስጥ ደማቅ ቢጫና ደማቅ ቀይ ለማውጣት ለረጅም ዘመን ሲያገለግል የኖረው የእርሳስ ክሮሜት የሚባል ውህድ ነው። ሀገራችን ይህን የሚቆጣጠር ደንብ አላት፤ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ መብለጥ የለበትም። ነገር ግን በገበያችን ላይ የተሸጡ የዘይት ቀለሞች ተመርምረው ከዚህ ልክ እጅግ የራቀ እርሳስ የተገኘባቸው ነበሩ። ሻጩ የትኛውን ቆርቆሮ እንደተጠቀመ እናንተ አታውቁም፣ እሱም አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ «ይህን ያህል ቢገባ አይጎዳም» የሚባል ልክ የለም ይላል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም ገና በማደግ ላይ ያለውን የሕፃን አእምሮ ነው። እና እኛ የሰንደቅ ዓላማችንን ቢጫ ጀበና አንገት ላይ ቀብተን ፍም ላይ እናስቀምጠዋለን። ሀገር መውደድ እንዲህም አለ።

«ቀለሙ ከውጭ ነው፣ ቡናው ከውስጥ ነው፣ ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። የዘይት ቀለምን የሚያያይዘው ሙጫ ለግድግዳና ለበር የተሠራ እንጂ ለፍም የተሠራ አይደለም። ሲግል ይጨሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። የረገፈው ረከቦቱ ላይ፣ ሲኒው ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ ያርፋል። ምንጣፉ ላይ ደግሞ የሚድኸው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ማደናገሪያ ልምጣ። ሻጮች የተቀባውን ጀበና «ግሌዝ የተደረገ ነው» ማለት ጀምረዋል። ግሌዝ ቀለም አይደለም። ግሌዝ መስታወት ነው። የተፈጨ አሸዋማ ድንጋይ (ሲሊካ)፣ ሸክላ አፈርና ድንጋዩን ቶሎ እንዲቀልጥ የሚያደርግ ማዕድን በውሃ ተበጥብጦ ዕቃው ላይ ይለበሳል፣ ከዚያ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ይቀልጥና ከዕቃው ጋር አንድ አካል ይሆናል። ሲሊካ ብቻውን እንዲቀልጥ ከ1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይጠይቃል። አቅላጩ ማዕድን ነው ወደ 1,200 እና 1,300 የሚያወርደው። ሲኒያችን እንዲህ ነው የተሠራው። «ሲኒ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን «የቻይና» ማለት ነው። አንድ ረከቦት ላይ ሁለት ዓለም ተቀምጧል፤ ከታላቅ ምድጃ የወጣው ሲኒና ከሜዳ እሳት የወጣው ጀበና።

የሜዳ እሳት ስል፣ የእኛ ሸክላ ሠሪዎች በእንጨት፣ በቅጠል፣ በጭድና በኩበት ሸፍነው የሚያቃጥሉትን ማለቴ ነው። ይህ እሳት ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይመላለሳል። በዚህ ሙቀት ቀልጦ መስታወት የሚሆን፣ ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ማዕድን ብትፈልጉ ቀድሞ የሚመጣላችሁ መልስ ያው እርሳስ ነው። ሜክሲኮ በዚህ መንገድ ሄዳ አይታዋለች። ስፔኖች ከመጡበት ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የሜክሲኮ ሸክላ ሠሪዎች «ግሬታ» የሚሉትን የእርሳስ ኦክሳይድ ድስትና ሳህናቸው ላይ ሲያለብሱ ኖሩ። ዕቃው ያምራል፣ ያብረቀርቃል። ሎሚና ቲማቲም ያለበት ምግብ ሲገባበት ግን አሲዱ እርሳሱን እየፈታ ወደ ምግቡ ያስገባዋል። በሕፃናት ደም ውስጥ ለተገኘው እርሳስ ይኸው ሸክላ ዋና ምንጭ መሆኑን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። እስከ ዛሬም አልተገላገሉትም። ስለዚህ አንድ በጎ አድራጊ ተነሥቶ «ለእናቶች ርካሽ ግሌዝ አመጣን» ቢል መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ «በስንት ዲግሪ ይቀልጣል? ውስጡስ ምን አለው?» የሚል ይሁን። ከእርሳስ ነፃ የሆነ፣ በቦሮን የሚሠራ ዝቅተኛ ሙቀት ግሌዝ በዓለም ላይ አለ፤ ግን እሱም ሙቀቱ የሚለካና የሚቆጣጠሩት ምድጃ ይፈልጋል። በቅጠል እሳት አይሆንም።

ጀበና ግሌዝ የሌለው ስለጎደለው ነው ብላችሁም አታስቡ። አፈሩ ከተወቀጠ ገል ወይም ከአሸዋ ጋር የሚለወሰው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ የሚቀረውም እሳት ላይ በቀጥታ ሲቀመጥ እንዳይፈነዳ ነው። ያንኑ አካል በመስታወት ብታለብሱት አካሉ በአንድ ልክ፣ መስታወቱ በሌላ ልክ ይለጠጥና ልባሱ ይሰነጣጠቃል። ሲኒያችሁን ፍም ላይ አስቀምጡና ሞክሩት። (ይቅርብኝ፣ አትሞክሩት።)

ማጌጡስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የማያየው ነገር ያለው። ሴትዮዋ ጀበናውን በእጇ ትሠራለች፣ ጠፈፍ ሲል በለስላሳ ድንጋይ ትፈትገዋለች፣ ደግማ ትፈትገዋለች። የአፈሩ ቅንጣቶች ተጋድመው ይተኛሉና ገጹ ብርሃን መመለስ ይጀምራል። አንዳንዷ ከመፈተጓ በፊት በደንብ የደቀቀ ቀይ አፈር በውሃ በጥብጣ ታለብሰዋለች። ሲቃጠል ደግሞ እሳቱን በቅጠልና በኩበት አፍና ጭሱን ወደ ውስጥ ታስገባዋለች፤ ጥቀርሻው ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ያ ጥቁረት ቀለም አይደለም፣ አይላጥም። ገዝተን ስንወስደው ደግሞ እኛ እናሟሸዋለን። ምጣድን በጎመን ዘር ማሟሸት የማያውቅ ማን አለ? እሱም የሸክላ ልባስ ጥበብ ነው፤ ዘይቱ በሙቀት ደርቆ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ይህን ሁሉ ነው እንግዲህ በአንድ ብሩሽ የምንሸፍነው። ሰዓታት የፈጀው ፍትግ ከቫርኒሹ ሥር ይቀበራል፣ በደንብ የተፈተገውና ያልተፈተገው ጀበናም አንድ ይመስላል። ጎበዟ ሸክላ ሠሪ ከሰነፏ የምትለይበት ነገር ጠፋ ማለት ነው። ዋጋው የሚወርደውም በዚህ ነው።

ይኸው ጥበብ ሌላ ቦታ ምን ያህል እንደተከበረ ላሳያችሁ። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሳን ኢልዴፎንሶ የሚባል የቀደምት ነዋሪዎች መንደር አለ። ማሪያ ማርቲኔዝ የምትባል የዚያ መንደር ሴት ከባሏ ከጁሊያን ጋር በ1919 እ.ኤ.አ. አካባቢ አንድ ዘዴ አወጡ። እሷ ማድጋውን በድንጋይ ፈትጋ ታበራዋለች፣ እሱ በተበጠበጠ አፈር ጌጥ ይሥልበታል፣ ከዚያ እሳቱን በደቀቀ ፋንድያ አፍነው ያጠቁሩታል። የተፈተገው ያበራል፣ የተሣለው ድብዝዝ ይላል፤ ጥቁር በጥቁር ላይ። ግሌዝ የለው፣ የዘይት ቀለም የለው። ድንጋይ፣ አፈር፣ ፋንድያ። ዛሬ የእሷ ሥራ ታላላቅ ቤተ መዘክሮች ውስጥ ነው። ቀጨኔ ላይ ያለችው እናት በዚህ ውስጥ የማታውቀው ነገር ምንድን ነው?

ግሌዝ ይሁን ካላችሁም ናይጄሪያን እዩ። ላዲ ክዋሊ የምትባል ሴት በመንደሯ በእጅ ሸክላ ስትሠራ የኖረች ናት። እንደ እኛዎቹ ያለ መሽከርከሪያ፣ እሷው ዕቃውን እየዞረች። ማድጋዎቿ በአቡጃው አሚር ቤት ተቀምጠው ሳሉ እንግሊዛዊው ማይክል ካርዲው አያቸው። በ1954 እ.ኤ.አ. እሱ ወዳቋቋመው የሸክላ ማሠልጠኛ ገባች። ቅርጹ የእሷ ሆኖ ቀረ፤ የምትቀርጻቸው እንሽላሊትና አዞ፣ በነጭ አፈር የምትሞላቸው መስመሮች፣ ሁሉም የእሷ። የተጨመረላት ከፍተኛ ሙቀት ያለው ምድጃና እውነተኛ ግሌዝ ነው። ቆርቆሮ ቀለም አልሰጧትም። በ1977 እ.ኤ.አ. አሕመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት። የናይጄሪያን 20 ናይራ ኖት ገልብጡት፤ ጀርባው ላይ ማድጋዋን ስትሠራ ታዩዋታላችሁ። ሀገሯ ሸክላ ሠሪዋን ገንዘቧ ላይ አተመቻት።

እኛስ? እኛ «ቡዳ» አልናት። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ሸክላ ይሠሩ የነበሩ የቤተ እስራኤል ሴቶችን በዚህ ስም ጠራናቸው። በደቡብ «ፉጋ» እያልን ከማኅበርና ከጋብቻ አገለልናቸው። በድስቷ እየበላን እጇን ፈራን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለእጅ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል፤ አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ምን ያህል ቢከፋ ነው? ወለቃዎች በ1977 እና በ1983 ዓ.ም ከወገኖቻቸው ጋር ወደ እስራኤል ሄዱ። የቀሩት ባለሙያዎች ስም ግን ዛሬም የለም። ሸማኔው፣ ሠዓሊው በስሙ ይጠራል። ጀበናው ላይ የማን ስም አያችሁ? እኔ በቀለሙ የምናደደው ለዚህም ጭምር ነው። የሠራችውን እጅ ማየት የማይፈልግ ገበያ ሥራዋን በፋብሪካ ቀለም ቢሸፍን አይገርመኝም።

የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ስለዚህ ጉዳይ ሁለት መስመር ስጽፍም መጥቶብኛል። «እነሱ የዕለት እንጀራቸው ነው፣ የተቀባው በተሻለ ዋጋ ይሸጣል፣ አንተ ስልክህ ላይ ተቀምጠህ ትፈላሰፋለህ።» ልክ ነው፣ የተቀባው ይበልጥ ይሸጣል። ግን የሚሸጠው እኛ ስለምንገዛው ነው፤ ጭቅጭቄም ከእናቶቹ ጋር ሳይሆን ከእኔና ከእናንተ ኪስ ጋር ነው። ደግሞ ቀለሙን ቀድማ በባዶ እጇ የምትነካው፣ ሽታውን ጠባብ ክፍል ውስጥ ከልጇ ጋር የምትምገው እሷው ናት። እንጀራዋን ካሰብን ጤናዋንም እናስብ።

ሁሉንም ቀለም አላወገዝኩም። የአበባ ማስቀመጫ፣ የግድግዳ ጌጥ፣ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ የሸክላ ምስል ከሆነ በውሃ በሚበጠበጥ ከእርሳስ ነፃ ቀለም ይቀባ፣ ይመር። እሳት አይነካው፣ አይበላበት። ችግሩ የጌጡና የማዕድ ቤቱ አንድ መደርደሪያ ላይ ያለ ምልክት መደርደሩ ነው። ውጭ ያላችሁ ወገኖችም ከዚህ ስትሄዱ ሻንጣችሁ ውስጥ የምትከቱትን አስተውሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ከባህላዊ ሸክላ ወደ ምግብ ስለሚገባ እርሳስ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ለጨዋታ አይደለም።

የግሌዝ ዕውቀት በሀገራችን የለም እንዳይባል ሐዋሳ ላይ ታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ አለ፤ ምድጃውም ኬሚስቱም አለ። አንድ በጋራ የሚጠቀሙበት፣ ሙቀቱ የሚለካ ምድጃ ለአንድ የሸክላ ሠሪዎች ማኅበር ማቆም ለሀገር ምን ያህል ይከብዳል? በየባዛሩ ለድንኳንና ለባነር የሚወጣውን ገንዘብ እያየሁ ነው የምጠይቀው። ምድጃው እስኪመጣ ድረስ ግን የተፈተገና በጭስ የጠቆረ ጀበና ምንም አልጎደለውም።

ስትገዙ እንዲህ አድርጉ። ጀበናውን ገልብጡና ቂጡን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። ልጣጭ ከተነሣ ቀለም ነው። አሽትቱት፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለ ተዉት። ውበቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ከሆነ ጠርጥሩ፤ በድንጋይ የተፈተገ ገጽ የእጅ መስመር አለው፣ ወደ ብርሃን ስታዘነብሉት ይታያል። ያልተቀባውን ስትገዙም ዋጋ አትከራከሩ፤ «ማን ሠራው?» ብላችሁ ስሟን ጠይቁ።

የእኔው ባለ ቢጫ አንገት ጀበና በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን አናት ላይ ተቀምጧል። ቀለሙን ፍቆ ማውጣት አቧራውን ማብነን ስለሆነ አልነካሁትም፤ ልጥለውም አልሆነልኝም፣ ከሥሩ የአንዲት ሴት ፍትግ አለበት። ያልተቀባ ጀበናና ድስት የምታገኙበትን ቦታ የምታውቁ፣ በተለይ ሠሪዎቹ ራሳቸው የሚሸጡበትን፣ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን። ሰብስቤ በሚቀጥለው ፖስት አወጣዋለሁ።