ከልጅ በፊት የሚሄድ ገንዘብ

ልጁን ወደ ጀርመን አገር ለትምህርት ለመስደድ ያሰበ ቤተ ሰብ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ፥ ስለ ልብሱና ስለ ኤሮፕላኑ ዋጋ ነው። ዳሩ ግን ከልጁ በፊት ተሻግሮ እዚያ ሊጠብቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ገንዘቡ ነው። የጀርመን መንግሥት በራሱ ወጪ ለሚማር የውጭ አገር ተማሪ ቪዛ ከመስጠቱ በፊት፥ የአንድ ዓመት መኖሪያው በተማሪው ስም ተቀምጦ ማየት ይፈልጋል። ገንዘቡ የሚቀመጥበትን ሒሳብ በቋንቋቸው ሽፔርኮንቶ ይሉታል፤ የታገደ ሒሳብ ማለት ነው። እኛ የችሎት ጸሐፊዎች «እግድ» የሚለውን ቃል ከጠብ ጋር ስለምናውቀው ጆሮአችን ይሸሸዋል፤ በዚህ ቦታ ግን እግዱ ለልጁ ጥበቃ የተደረገ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በምጽፍበት ችሎት የቀረበ የሁለት ወንድማማቾች ክርክር ነው። ታላቅዬው ልጁን ወደዚያ አገር ሊሰድ ገንዘብ ቢጐድለው፥ ታናሽዬው ቤት ሊሠራበት ያኖረውን አበደረው። ውላቸውም በቃል ብቻ ነበር፤ «ገንዘቡ ለቪዛ ታይቶ በሁለት ወር ውስጥ ይመለሳል» ተባባሉ። ልጁም ቪዛ አግኝቶ ሄደ። ሁለት ወር አለፈ፥ ስድስት ወርም አለፈ፤ ገንዘቡ አልተመለሰም። ታናሽዬው ወንድሜ ከዳኝ ብሎ ከሰሰ።

ታላቅዬው ግን ከሐዲ አልነበረም፤ ያልተረዳው ነገር ስለ ነበረ ነው እንጂ። የታገደው ሒሳብ ለኤምባሲ ታይቶ ወዲያው የሚነሣ ገንዘብ አይደለም። ከነሐሴ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተወሰነው ልክ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ይህም ለዐሥራ ሁለት ወር ሲካፈል በየወሩ 992 ዩሮ ይሆናል፤ ልጁ እዚያ ከደረሰ በኋላ በወር የሚለቀቅለት ይኸው ብቻ ነው። አባትም ቢሆን፥ አበዳሪም ቢሆን፥ ልጁ ራሱም ቢሆን ሁሉን ባንድ ቀን ሊያወጣው አይችልም። እንግዲህ በሁለት ወር እመልሳለሁ ብሎ የተበደረ ሰው የማይፈጸም ቃል ሰጥቷል ማለት ነው። ልጁ እየበላው ያልቃል እንጂ ወደ አበዳሪው አይመለስም። ደግሞም ልኩ እንደ ኑሮው ውድነት ከፍ ይላል፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. 10,332 ነበር፥ በ2023 ዓ.ም. 11,208 ሆነ። ስለዚህ ገንዘብ ከመላክ በፊት የዕለቱን ልክ ከኤምባሲው መጠየቅ ያስፈልጋል።

በዚያ ላይ ሌላ መከራ ተጨመረ። ብድሩ የተደረገው አንዱ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ይመነዘር በነበረበት ጊዜ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬውን ዋጋ ገበያው እንዲወስነው ከፈቀደ በኋላ ግን፥ ነሐሴ ሳያልቅ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ። ታላቅዬው «ብር ወሰድሁ፥ ብር እመልሳለሁ» አለ። ታናሽዬውም «ያን ጊዜ በሰጠሁህ ብር ጣራ አቆም ነበር፤ ዛሬ ግድግዳውን እንኳ አይጨርስልኝም» ብሎ መለሰ። ቃላቸውን ስጽፍ ሁለቱም እውነት እንደ ተናገሩ አየሁ። ዳኛውም ወደ ሽማግሌ መለሷቸው፤ ከብዙ ቀን በኋላ ታረቁና የዕርቁን ወረቀት እኔው ጻፍሁት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ2472ኛው ቍጥር፥ ከ500 ብር የበለጠ ብድር በጽሑፍ፥ ወይም ባለ ዕዳው በዳኛ ፊት በሚሰጠው እምነት፥ ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይናገራል። ታላቅዬው «አልተበደርሁም» ብሎ ቢክድ ኖሮ ታናሽዬው በምን ያስረዳ ነበር? ክብሩን ጠብቆ ስላመነ ብቻ ነገሩ ቀና። በወንድማማች መካከል ወረቀት መጻፍ አለመተማመን የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን በዚህ ሥራ ላይ በቈየሁበት ዘመን ወረቀት ያጣላውን ወንድም አላየሁም። ስለዚህ ወረቀቱ በሁለት ምስክር ፊት ይፈረም። ገንዘቡ ስጦታ ከሆነ ስጦታ ይባል። ብድር ከሆነም የሚመለስበት ቀን ልጁ ዓመቱን ከጨረሰ በኋላ እንዲሆን፥ ብሩ ቢረክስ ጕዳቱን ማን እንዲሸከመው አስቀድሞ ተመክሮበት ይጻፍ።

ወደ ሒሳቡ አከፋፈት ልመለስ። ማመልከቻው እዚሁ ሆኖ በኢንተርኔት ይሞላል፤ የጀርመን መንግሥት የሚቀበላቸውን ድርጅቶች ኤምባሲውን ጠይቆ ከእነርሱ አንዱን መምረጥ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያሰናክለው ስም ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ በ«ቲ» ሲጀምረው ሌላው በ«ኤስ» ይጀምረዋል። በፓስፖርቱ፥ በዩኒቨርሲቲው ደብዳቤና በባንኩ ማመልከቻ ላይ ያለው ስም አንዲት ፊደል እንኳ መለያየት የለበትም። የቤተ ሰብ ስም በሚለው ቦታ የአያቱ ስም ከገባ በሁሉም ወረቀት እንደዚያው ይሁን፤ ልጁም በአያቱ ስም ሲጠሩት ዘወር ብሎ አያቱን እንዳይፈልግ ከወዲሁ ይለማመድ። ሁለተኛው መሰናክል የማስተላለፊያ ዋጋ ነው። በመንገድ ያሉት ባንኮች ድርሻቸውን ስለሚቀንሱ፥ ልክ 11,904 የላከ ሰው ጐዶሎ ሊደርስለት ይችላል፤ ገንዘቡም ካልሞላ ለኤምባሲ የሚቀርበው ማረጋገጫ አይሰጥም። ጥቂት ጨምሮ መላክ ይሻላል። በአውሮፓ የሚኖር ዘመድ ካለ ከዚያው ሊያስገባ ይችላል፤ ወይም በጀርመን የሚኖርና በቂ ገቢ ያለው ዘመድ በከተማው የውጭ አገር ሰዎች ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ለልጁ ኑሮ ኀላፊ ነኝ ብሎ ቢፈርም በሒሳቡ ምትክ ሊቈጠር ይችላል። ፊርማው ግን ቀላል ነገር እንዳይመስለው፤ መንግሥት ለልጁ ያወጣውን ገንዘብ ከእርሱ ይጠይቃል።

ልጁ በደረሰ ማግሥት 992 ዩሮ በእጁ የሚገባ የሚመስላቸው አሉ። መጀመሪያ ቤት አግኝቶ ከገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን በከተማው ጽሕፈት ቤት ያስመዘግባል፤ ቀጥሎ ጊሮኮንቶ የሚባለውን የዘወትር ሒሳብ ይከፍታል፤ የታገደው ገንዘብ በየወሩ የሚፈሰው ወደዚህ ሒሳብ ነው። ይህ ሁሉ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። የቤት ባለቤት ደግሞ እስከ ሦስት ወር ኪራይ የሚደርስ መያዣ እንዲጠይቅ ሕጋቸው ይፈቅድለታል። እንግዲህ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሆን ሌላ ገንዘብ በሕጋዊ መንገድ ከባንክ ተገዝቶ በኪሱ ካልያዘ፥ በስሙ ዐሥራ አንድ ሺሕ ዩሮ ተቀምጦለት ለእራት የሚሆን ያጣል።

አያቶቻችን የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር በማሰሮ አድርገው መሬት ይቀብሩ ነበር። ያ ብር ኤስ እና ኤፍ በሚባሉት ፊደላት ምልክት በመጀመሪያ የተመታው ዛሬ በጀርመን ባየርን ክፍል በምትገኘው በጉንስቡርግ ከተማ ነው። ያን ጊዜ ገንዘቡ ከዚያ ወደ እኛ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ከእኛ ወደዚያ ሄዶ በሌላ ዓይነት ማሰሮ ይቀበራል።

ቪዛው የተከለከለ እንደ ሆነ ገንዘቡ አይጠፋም። የኤምባሲው የእንቢታ ደብዳቤ ለሒሳቡ ጠባቂ ሲቀርብ እግዱ ይነሣል፤ ለመክፈቻ የተከፈለው ዋጋ ግን እንደ ድርጅቱ ውል ሊቀር ይችላልና ውሉን ከመፈረም በፊት ይህን አንቀጽ ማንበብ ያሻል። ለተማሪው ስለሚያስፈልገው የሕመም ኢንሹራንስ ጥያቄ ያቀረባችሁልኝ ወላጆች አላችሁ፤ እርሱ ከዚህ ሒሳብ ውጭ የሚታሰብ ስለ ሆነ በሚመጣው ሳምንት እጽፍበታለሁ።