ብይ የምትተፋው መጫወቻ

ዛሬ የምንነግራችሁ ከእጅ መዳፍ ስለማትበልጥ አንዲት መጫወቻ ነው። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህች መጫወቻ የተነሣ በቤታችን ደጅ ችሎት ቆሟል፤ ከክርክሩም የባሰ ነገር ሊደርስብን ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ባለፈው ክረምት ከውጭ አገር የተመለሰ አንድ ዘመዳችን ለዘጠኝ ዓመት ልጃችን አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ሰው በስጦታ አመጣለት። ሰውዬው ራስም፤ እጅም፤ እግርም አለው፤ ሆዱ ግን ክፍት ነው። በዚያ ሆድ ውስጥ ብይ ይጐርሳል፤ በጀርባው ያለውን ቃታ በአውራ ጣት ሲገፉት ብዩን ወደ ፊት ይተፋዋል። ከርሱም ጋራ 24 የመስተዋት ብዮች በከረጢት ሆነው መጡ። ልጃችን ሁለት ቀን ብቻውን ግድግዳ ሲመታ ከረመና በሦስተኛው ቀን ይዞት ወደ ሰፈር ወጣ። የሰፈሩ ልጆች እንደ ልማዳቸው ብይ በጣታቸው እያስፈነጠሩ ይጫወቱ ነበር። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲሆን የልጃችን ሁለቱ ኪሶች በሰው ብይ ሞልተው፤ አምስት ልጆችም እየጮኹ ከኋላው ተከትለው ከደጃችን ደረሱ።

ከመካከላቸው በዕድሜ የሚያንሰው ቀድሞ ተናገረ። «ጋሼ፤ ይፍረዱን! እኛ የምንጫወተው በጣታችን ነው፤ እርሱ ግን በመኪና ነው» አለ። ልጃችንም ሳይዘገይ «ሲጀመር መኪና አይገባም አልተባለም» ሲል መለሰ። እኛ ብዙ ዘመን ከዳኞች ግርጌ ተቀምጠን የሰውን ቃል ስንጽፍ የኖርን ስለ ሆንን፤ ይህን መልስ ጢም ካወጡ ሰዎች አፍ ስንት ጊዜ እንደ ሰማነው እናውቃለን። ፍርዱን ወዲያው ለመስጠት አልደፈርንም። ብዮቹን ተረክበን በመሐረብ ቋጠርንና ለማግሥቱ ቀጠሮ ሰጠናቸው፤ መጫወቻይቱንም ይዘን ገባን። በዚያች ሌሊት ስለ እርስዋ ያገኘነውን ሁሉ አነበብን።

መጫወቻይቱ የጃፓን ናት፤ ስሟም ቢዳማን ይባላል። ጃፓኖች የመስተዋት ብይን ቢዳማ ይሉታል። «ታማ» ማለት በቋንቋቸው ድቡልቡል ነገር ነው፤ «ቢ» የምትለው ግን ከሩቅ የመጣች ናት። ፖርቱጋሎች መስተዋትን ቪድሮ ይሉታል፤ ጃፓኖችም ይህን ቃል ተቀብለው ቢዶሮ አሉት፤ ኋላም አሳጥረው ከድቡልቡሉ ስም ጋራ አጋጠሙት። (ፈረንሳዮች ደግሞ ብይን የሚጠሩበት ቃል በድምፁ ከእኛው ብይ ጋራ ፈጽሞ አንድ ነው፤ ይህን በልጅነታችን ከሚሲዮን መምህራችን በሰማን ጊዜ እጅግ ገርሞን ነበር።)

የጃፓን ልጅ ብይን የሚያውቀው ከሜዳ ብቻ አይደለም፤ ከጠርሙስ አንገት ውስጥም ነው። ሐይረም ኮድ የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1872 ዓ.ም. ጋዝ ያለበትን መጠጥ የሚዘጋ አዲስ ጠርሙስ አወጣ። በጠርሙሱ አንገት ውስጥ አንዲት ብይ አለች፤ የመጠጡ ጋዝ ከውስጥ ወደ ላይ እየገፋ ከአፉ ካለው የጎማ ቀለበት ጋራ ያጣብቃታል፤ በዚህም ጠርሙሱ ያለ ቡሽ ይዘጋል። ለመጠጣት ሲፈልጉ ብዪቱን ወደ ውስጥ መግፋት ነው። ይህ ጠርሙስ በተፈጠረበት አገር ከተረሳ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ጃፓኖች ግን ራሙኔ የሚሉትን ጣፋጭ መጠጥ እስከ ዛሬ ይሸጡበታል። ልጆቹም እየጠጡ ብዪቱ ስትንኳኳ ይሰማሉ።

እንግዲህ ታካራ የተባለው የመጫወቻ ድርጅት ቢዳማንን በ1993 ዓ.ም. ለገበያ አወጣ። በዚያን ጊዜ ሐድሰን የተባለ ሌላ ድርጅት በ1983 ዓ.ም. የጀመረው ቦምበርማን የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ በልጆች ዘንድ የታወቀ ነበር፤ በጨዋታው ውስጥ ያለው ራሰ ትልቁ ሰው የመጫወቻይቱን መልክ ሰጠ። ስሙም ከቢዳማና ከቦምበርማን ተቀናጀ። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በቴሌቪዥን የሚታይ የሥዕል ፊልም ተሠራላት። በ2000ዎቹ አጋማሽ ሐስብሮ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በአገሩ ሸጣት። ታካራም በ2006 ዓ.ም. ቶሚ ከሚባለው ድርጅት ጋራ ተዋሐደ፤ ይኸው ታካራ ቶሚ በ2020 ዓ.ም. በብይ ፈንታ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን የምትተኵስ ቦትልማን የምትባል ታናሽ እኅት አወጣላት።

አሁን ወደ ሆዷ እንግባ፤ እኛም በዚያች ሌሊት በትንሽ መፍቻ ፈታን ያየነው ነውና። በውስጧ ትይዩ ሆነው የቆሙ ሁለት የፕላስቲክ መያዣዎች አሉ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከብዩ ውፍረት ጥቂት ያንሳል፤ ስለዚህ ብዩ ከበስተኋላቸው መጥቶ ይቆማል እንጂ አያልፍም። ቃታው ከኋላ ሲገፋው መያዣዎቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይለጠጣሉ፤ ወደ ቦታቸው ለመመለስም ይታገላሉ። የብዩ ወገብ ከመካከላቸው ያለፈ እንደ ሆነ፤ ሲታገሉበት የነበረው ኀይል ሁሉ በብዩ ጀርባ ላይ ያርፋል፤ ያን ጊዜ ብዩ ተፈትልኮ ይወጣል። እርጥብ የብርቱካን ፍሬ በሁለት ጣት ሲጨምቁት ከእጅ አምልጦ እንደሚበር ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ከቃታው ሥር ያለው ሞላ ቃታውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ተከታዩም ብይ ወርዶ ይጐርሳል።

በጃፓን ልጆች ዘንድ አንድ ብልሃት ታወቀ። መያዣዎቹን ከሁለት ጐን በጣታቸው አጥብቀው ጨምቀው ሳለ ቃታውን ሲገፉት ብዩ እጅግ እየፈጠነ ወጣ። ይህንንም ሺሜኡቺ፤ ማለት ጨምቆ መተኰስ ብለው ጠሩት። ሠሪዎቹም ኋላ ለዚህ የሚመቹ መጫወቻዎችን ሠሩ፤ አፈሙዟን አስረዘሙ፤ ብዙ ብይ የሚይዝ መጋዘን ቀጠሉላት፤ ጠንካራ ሞላና የጎማ ተለዋጭ ዕቃ ለብቻው ሸጡ። ውድድሩ ሲጀመር ሁለቱ ወገን መጫወቻቸውን ይዘው ከጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆመው የተደረደረውን ዒላማ ማን ቀድሞ እንደሚጥል የሚያዩበት ነበር፤ ዒላማውም ዕቃ እንጂ ሰው አይደለም። ተለዋጭ ዕቃ ለብቻው ከተሸጠ በኋላ ግን የአባቱ ቦርሳ የከበደ ልጅ ብዩም ፈጠነለት። ይህን ስናነብ ልጃችንን ብቻውን መውቀስ ተውን።

በማግሥቱ ባለጉዳዮቹ ከሰዓቱ ቀድመው መጡ። እኛም በረንዳ ላይ በርጩማ አስወጥተን ተቀመጥንና ቃላቸውን በየተራ ሰማን። «አይገባም አልተባለም» የሚለው ክርክር የሚረዳው ሁለቱ ወገን ነገሩን ዐውቀው ዝም ያሉ እንደ ሆነ ነው፤ እነዚህ ልጆች ግን እንዲህ ያለ ዕቃ ዓይተው ስለማያውቁ ሊከለክሉት አይችሉም ነበር። ስለዚህ ልጃችን ያገኘውን ብይ ሁሉ ለየባለቤቱ ይመልስ፤ መጫወቻይቱም ከጣት ጋራ አትወዳደር፤ ነገር ግን ስድስቱም ልጆች በየተራ ይያዟት፤ በአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ባዶ ቆርቆሮ አቁመው እያንዳንዱ አምስት አምስት ብይ ይተኵስ አልን። ልጃችን ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኛ ግን ፍርዱን እየነገርን ሳለ፤ እውነቱን እንናገር፤ በራሳችን ብልህነት ደስ ብሎን ነበር።

በዚህ ጊዜ ባለቤታችን ከቤት ውስጥ ሮጣ ወጣች፤ ወደ እኛም ሳትመለከት ከበርጩማው ኋላ ጐንበስ አለች። የሁለት ዓመት ሴት ልጃችን የተፈታውን መሐረብ ከፊቷ አድርጋ ተቀምጣለች፤ የግራ ጉንጯም አብጧል። እናቷ አልጮኸችም፤ ሳቅ ብላ «እስኪ ለእማዬ ስጪኝ» ብላ መዳፏን ከአፏ ሥር ዘረጋች። ሕፃኒቱም ብዪቱን ተፋችላት። እኛ ክንዳችንን ብንዘረጋ በምንነካት ስፍራ ሆነን ምንም አላየንም። ባለቤታችን በዚያች ቀን እስከ ማታ አንዲት ቃል አልተናገረችንም።

ብይ ለሕፃን ከሌላ ትንሽ ነገር የበለጠ የሚያሰጋበት ምክንያት አለው። ድቡልቡልና ልሙጥ ስለ ሆነ የጉሮሮን ቀዳዳ እንደ ቡሽ ይደፍናል፤ ጠርዝ ያለው ዕቃ በጐኑ ለአየር የሚተወውን ቀዳዳ ብይ አይተውም፤ በጣትም ሊይዙት ቢሞክሩ ይንሸራተታል። በአሜሪካ አገር በ1994 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ብይ ወይም ብይ ያለበት መጫወቻ በማሸጊያው ላይ የሚያንቅ መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ያለበት መሆን አለበት፤ ወርዱ 44 ሚሊሜትር በሆነ ክብ ቀዳዳ የሚያልፍ ኳስም ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን እንዳይሸጥ ተከልክሏል። የቢዳማን ብይ ወርዷ ወደ 17 ሚሊሜትር ነው። በእኛ ዕቃ ሣጥን ላይም ማስጠንቀቂያው በሥዕል ጭምር ተጽፎ ነበር፤ ሣጥኑን ግን በመጣበት ቀን ምድጃ ውስጥ ጥለነዋል።

ወላጆች ይህን ያስተውሉ። ሕፃኑ አጥብቆ የሚያስል እንደ ሆነ ይሳል፤ ሳሉ ራሱ ሊያወጣው ይችላልና። ድምፅ ማሰማትና መተንፈስ ካቃተው ግን ሌላ ሰው እርዳታ ሲጠራ፤ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ወደ ፊት አጐንብሰው በመዳፍ ሥር በሁለቱ ትከሻ መካከል አምስት ጊዜ ይምቱት፤ ካልወጣም ከኋላው አቅፈው ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ይጫኑት፤ እስኪወጣም ድረስ እያፈራረቁ ይቀጥሉ። ዓመት ያልሞላው ከሆነ በክንድ ላይ በደረቱ አስተኝተው ራሱን ዝቅ አድርገው ጀርባውን አምስት ጊዜ መምታት፤ ከዚያም ገልብጠው በአንድ እጅ መዳፍ ሥር የደረቱን መካከል አምስት ጊዜ መጫን ነው፤ የሕፃን ሆድ አይጫንም። ራሱን የሳተ እንደ ሆነ ደረቱን እየተጫኑ እስትንፋስ መስጠት ይጀምሩ። የማይታየውን ነገር በጣት ለማውጣት አፉን መጐርጐር ግን ወደ ታች ይሰድደዋልና ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛው ስጋት የዓይን ነው። አንዲት ብይ ክብደቷ ወደ 6 ግራም ነው፤ ፍጥነቷ እጥፍ በሆነ ጊዜ ግን ይዛው የምትሄደው ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ጨምቆ የሚተኵስ ልጅ በጥቂቱ እንዳከለበት አይምሰለው። ትልቅ ኳስ ፊትን ሲመታ በዓይን ዙሪያ ያለው አጥንት ይመክተዋል፤ ብይ ግን ከዚያ አጥንት ቀዳዳ ስለምታንስ በቀጥታ ዓይንን ታገኘዋለች። ዓይኑ የተመታ ልጅ ማየቱን ባይከለከል እንኳ በውስጡ ደም ሊቋጥር ይችላልና፤ ሳያሹትና ሳይጫኑት በዚያው ቀን ለሐኪም ያሳዩት።

የቆርቆሮው ጨዋታ አሁን ሳምንት በሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግቢያችን ይደረጋል። ተኳሾቹ በአንድ ወገን፤ ተመልካቾቹ ከነርሱ ኋላ ይቆማሉ፤ ቆርቆሮው በግንቡ ፊት ነው፤ ተኳሹ ሳይጨርስ ብይ ለመልቀም የሚገባ ልጅ ተራውን ያጣል። ይህን ሕግ ያወጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ የጻፍነው ግን እኛ ነን። አስቀድሞ «ይፍረዱን» ያለው ያ ታናሽ ልጅ ከአምስት ብይ አራቱን አይስትም፤ የዕቃው ባለቤት ልጃችን አብዛኛውን ጊዜ አራተኛ ይወጣል፤ ስለዚህም ሰሞኑን ጨምቆ መተኰስ ይፈቀድ የሚል አቤቱታ አቅርቦልናል። ገና አልወሰንንለትም።

ጨዋታው ሲያበቃ ብዮቹ ተቈጥረው በከረጢት ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቈጠራውን የምታደርገው ባለቤታችን ናት፤ እኛ አንታመንም። ይህን በምንጽፍበት ምሽት 23 ሆነው ተገኙ። ሕፃኒቱን ጐረቤት ወስደናታል፤ ልጆቹ ፋኖስና ባትሪ ይዘው በሣሩ ውስጥ ናቸው፤ እኛም ብዕራችንን አስቀምጠን ከአልጋው ሥር ልንፈልግ ነው።