ከውጭ አገር አገልግሎት የሚመለስ ልጅና የእናቱ ቡና

ባለፈው ሳምንት በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከሚኖሩ አንዲት እናት የተጻፈ ደብዳቤ ደርሶናል። ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ ቢመስልም፥ ልጃቸውን ወደ ውጭ አገር የሰደዱ ወላጆች ሁሉ የሚካፈሉት ስለ ሆነ፥ ስማቸውን ሰውረን ምላሹን በዚህ ገጽ ለመስጠት ወደድን።

እኒህ እናት እንደሚጽፉት፥ ልጃቸው በ19 ዓመቱ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፥ በተለምዶ ሞርሞን የሚባለው ማኅበር፥ ሚስዮናዊ ሆኖ ወደ ጋና ሄዶ ነበር። አሁን ሁለቱ ዓመት ተፈጽሞ በሚመጣው ወር ይመለሳል። እናትና አባት ግን በአባቶቻቸው በተዋሕዶ ሃይማኖት ጸንተው የሚኖሩ ናቸው። ልጁ በሄደበት ዕለት፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ብዙ ዘመን በጸሐፊነት ያገለገሉት አባት ከክፍላቸው ሳይወጡ ቀሩ፤ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ የሸኙት እናቲቱ ብቻ ናቸው። የደብዳቤው ጥያቄ እንዲህ ይላል፤ «ልጄ ቡና አይጠጣም ተብያለሁ። በመጣበት ቀን ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል። ቡና ባፈላ ልጄን የበደልሁት ይመስለኛል፤ ባላፈላ ቤቴን ያዋረድሁት ይመስለኛል። አባቱንስ ምን ላድርጋቸው?»

ነገሩን ለማያውቁት አንባብያን ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ይህ ማኅበር በ1822 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት በዮሴፍ ስሚዝ የተመሠረተ ነው፤ በአገራችን ሕጋዊ ዕውቅና ያገኘው በ1986 ዓ.ም. ሲሆን፥ በአዲስ አበባ ስም የሚጠራ ሚስዮን የተቋቋመው በ2012 ዓ.ም. ነው። ወጣት ወንዶች 24 ወር፥ ሴቶች 18 ወር ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ፤ በዓለም ሁሉ ቍጥራቸው ከ70 ሺህ ይበልጣል። የሚሄዱበትን አገር ራሳቸው አይመርጡም። ሁለት ሁለት ሆነው ይሰማራሉ፤ አንዱ ከሌላው ዐይንና ጆሮ እንዳይርቅ ታዟል። የሚነሡበትና የሚተኙበት ሰዓት፥ የሚያጠኑበትና የሚያስተምሩበት ጊዜ ሁሉ የተወሰነ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ሥርዓት ሁለት ዓመት የኖረ ልጅ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ፥ ቤተ ሰቡ ሳቅና ጨዋታ ሲጠብቅ እርሱ ዝም ቢል አይደነቅም። ብቻውን መሆንን ረስቷል፤ ከቤት ሲወጣ ጓደኛውን የሚጠብቅ ይመስል ደጃፍ ላይ ይቆም ይሆናል። ማንም ሳይነሣ መብራት አብርቶ ሲያነብ ቢያገኙት፥ ታመመ ብለው አይደንግጡ። ትናንት የማያውቀው ሰው ሁሉ «ኤልደር» እያለ በማዕርግ ይጠራው ነበር፤ ዛሬ ግን «አንተ ልጅ፥ ሮጥ ብለህ ዳቦ ግዛ» ይባላል። (ይህስ በእኛ አስተያየት መድኃኒት ነውና አይተዉት።) አብረውት የተማሩት ትምህርታቸውን ወደ መጨረስ ተቃርበዋል፤ እርሱ ገና ይጀምራል። ስለዚህም በመጀመሪያው ሳምንት «ወደፊት ምን ልትሠራ አሰብህ?» የሚለውን ጥያቄ አጎቶቹ ሁሉ በየተራ እንዳያቀርቡለት እናቲቱ ቢከላከሉ መልካም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመው ይወቁ። በማኅበሩ ሹም ፊት ቀርቦ ከአገልግሎቱ እስኪሰናበት ድረስ ልጁ ሚስዮናዊነቱ አልተፈጸመም፤ በደረቱ ላይ ያለውን ጥቍር የስም ምልክት የሚያወልቀው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በደረሰበት ምሽት፥ ድግሱ ተሰናድቶ ሳለ፥ «አስቀድሜ የምሄድበት አለኝ» ቢል፥ ከቤታችን ያንን አበለጠ ብለው እንዳያዝኑ። ሄዶ ይመለሳል።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ። ይህ ማኅበር ከ1825 ዓ.ም. ጀምሮ በያዘው ትእዛዝ አባሎቹ ቡናና ሻይ፥ የሚያሰክር መጠጥና ትምባሆ አይቀምሱም። ለአሜሪካዊ ይህ ሲኒ መተው ነው፤ ለኢትዮጵያዊ ግን ጎረቤት፥ ዕርቅ፥ ለቅሶና ምክር ሁሉ ከጀበናው አጠገብ ስለሆነ፥ ነገሩ ከሲኒ ይበልጣል። የእናቲቱን ጭንቀት አናቃልለውም። ነገር ግን አንድ ነገር እናሳስባቸው። ይህ ልጅ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት በሆነው ጊዜ ቡና ይጠጣ ነበርን? አይጠጣም ነበር። ሆኖም ከቡናው ሥርዓት ውጭ አልነበረም፤ ቄጤማውን ይጎዘጕዝ፥ ጎረቤት ሊጠራ ይላክ፥ ሲኒውን በሁለት እጁ ይዞ ለሽማግሎች ያቀርብ፥ ከቆሎውም ይቆረጥም ነበር። ስላልጠጣም ማንም የተቀየመ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ቡናው እንደ ወትሮው ይፈላ፤ ዕጣኑም ይጢስ፤ ከአቦል እስከ በረካ ይዝለቅ። ሲኒውን ለጎረቤት የሚያቀርበው ልጁ ራሱ ይሁን። ያን ጊዜ ጎረቤት «ለምን አትጠጣም?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ይባርክህ» ብሎ ይቀበለዋል። ለእርሱ የሚሆነውን የጠየቁን እንደ ሆነ፥ ከማር ብርዝ የተሻለ አናውቅም፤ ያልፈላ ብርዝ አያሰክርም፥ ለክብርም ቢሆን ከጠጅ ጋር ዘመድ ነው። በብርሌ ቢቀርብለት ከማንም እንግዳ አያንስም። ብቻ ጌሾ ያልነካው፥ በዚያው ጧት የተበረዘ ይሁን።

የድግሱን ቀን በሚመርጡበት ጊዜ ደግሞ የሁለቱንም ወገን ጾም ያስተውሉ። በቤቱ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ እርሱ በእነዚያ ቀኖች አይጾምም። እርሱና ማኅበሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በየወሩ በመጀመሪያው እሑድ ሁለት ማዕድ ትተው፥ የተዉትን ምግብ ዋጋ ለችግረኛ ይሰጣሉ፤ በእኛ ዘንድ ግን ሰንበት ከእህል የሚከለከሉበት ቀን አይደለም። እንግዲህ እናቲቱ እሑድ ዶሮ ወጥ አቅርበው ልጁ «ጾመኛ ነኝ» ቢላቸው፥ ከሐዘን ይልቅ ሳቅ ይሻላል። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ በአገራችን በጸናበት ጊዜ፥ በጥር 19 ቀን በአሜሪካና በካናዳ ያሉ የዚሁ ማኅበር ሰዎች ጾመው፥ ለኢትዮጵያና ለሌሎችም ረኃብተኞች ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማዋጣታቸውን አባትየው ያውቁ ይሆን? ባያውቁ ይንገሩዋቸው፤ ነገር ግን በክርክር መካከል አይሁን።

ልጅን ለትምህርት ሰድዶ ሌላ ሰው ሆኖ ሲመለስ መቀበል ለአገራችን እናቶች እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቦ፥ ከቤቱ ሳይሰናበት ጭምር ወደ ጎጃም ይወርድ ነበር፤ ስንት ዓመት ቅኔ ቈጥሮ ሲመለስ ንግግሩ ተለውጦ፥ አበላሉም ተለውጦ፥ እናቱ የማታውቀውን ቃል እየጨመረ ይመጣል። በእርግጥ ያ ተማሪ የሚመለሰው ወደዚያው ወደ ቤቱ ሃይማኖት ስለሆነ ነገሩ አንድ ነው አንልም። እናትና አባት በዚህ ረገድ ቢያዝኑ ሐዘናቸው እውነተኛ ነው፤ ልጁም ቢሆን ይህን እንዲያከብር ይገባዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስተምር የኖረ ሰው የገዛ እናቱን ደቀ መዝሙር ለማድረግ ይቃጣዋልና፥ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ወራት ከመስበክ ይታገሥ። እንዲሁም የነፍስ አባት በዚያው በመጀመሪያው ማታ ተጠርተው ልጁን እንዲከራከሩት ማድረግ መልካም አይደለም። የነፍስ አባት ይምጡ፤ ማዕዱን ባርከው፥ የጋናን አገር ወሬ ጠይቀው ይሂዱ።

የቀረው የአባት ነገር ነው፤ ከደብዳቤው ሁሉ ልባችንን የነካው ይኸው ነው። ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ በነፋስ ቃል ከሚያስተላልፈው ጣቢያ ነው ይባላል። ቀድሞ ሚስዮናውያን ከወላጆቻቸው ጋር በስልክ የሚነጋገሩት በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ ነበር፤ ከየካቲት 2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን በየሳምንቱ እንዲነጋገሩ ተፈቅዷል። እናቲቱ እንደሚጽፉት፥ ስልኩ በጠራ ቍጥር አባት ተነሥተው ወደ በረንዳ ይወጣሉ፤ በሩን ግን አይዘጉትም። አንድ ቀን የልጁ ድምፅ በመካከል በተቋረጠ ጊዜ፥ ከውጭ ሆነው «ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። እናቲቱ ይህን የጻፉት እንደ ትንሽ ነገር አድርገው ነው። እኛ ግን እኒህ አባት ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሰሙ እንደ ኖሩ እናምናለን።

ከደብዳቤው ጋር ስለ ተላከው ፎቶግራፍ ደግሞ አንድ ነገር እንበል። ልጁ ነጭ ሸሚዝና ክራባት አድርጎ በአንድ ገበያ ዳር ቆሟል። በደረቱ ላይ ባለው ምልክት የተጻፈው የእርሱ ስም አይደለም። እኛ ኢትዮጵያውያን እንደ አውሮፓ ሰዎች የቤተ ሰብ ስም ስለሌለን፥ በዚያ ቦታ የገባው የአባቱ ስም ነው። በአክራ ገበያ ያሉ ሴቶች፥ ሕፃናትና ነጋዴዎች ሁለት ዓመት ሲጠሩት የኖሩት በአባቱ ስም ነው። አባትየው ይህን ፎቶግራፍ አይተውት እንደ ሆነ ደብዳቤው አይናገርም። ካላዩት፥ መነጽራቸውን ከሚያኖሩበት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።

እናቲቱ በመጨረሻ፥ መኪናውን ከአባት በቀር የሚነዳ በቤቱ ስለሌለ፥ ከቦሌ እስከ ላፍቶ ልጁን የሚያመጣ ጎረቤት ይለምኑ እንደ ሆነ ጠይቀዋል። እመቤቴ ሆይ፥ ጎረቤት አይለምኑ። አውሮፕላኑ የሚደርስበትን ቀንና ሰዓት፥ የሻንጣውንም ቍጥር በወረቀት ጽፈው የመኪናው ቍልፍ ከሚሰቀልበት ያኑሩት፤ ሌላ ቃል አይጨምሩበት።