ቀለበቱን ያየ ዓይን የአንገት ጌጡን ለምን አያይም?

በሲትኮም ስህተት ለቃሚዎች ላይ የሚወርደው ስድብ ይገርመኛል። «ሥራ ፈት!» «ምቀኛ!» «ድራማ ነው እኮ፣ አታካብዱ!» ቆይ፣ ምን አጠፉ? ሴትዮዋ ሳሎን ስትገባ ጣቷ ላይ የነበረው የጋብቻ ቀለበት ሶፋው ላይ ስትቀመጥ የለም አሉ። ሙሉ የነበረው ሲኒ ማንም ሳይቀምሰው ጎደለ አሉ። ያዩትን መናገር ከመቼ ወዲህ ነው ምቀኝነት የሆነው?

ደግሞስ ይሄ የእኛ ብቻ ገመና አይደለም። ከ1994 እስከ 2004 (እ.ኤ.አ.) የታየው የአሜሪካኖቹ «ፍሬንድስ» ዓለምን ያሳቀ ሲትኮም ነው። ግን የሞኒካ ቤት በር መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ 5 ነበር፤ ቤቱ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ መሆኑ ሲታሰብ 20 ሆነ። ሮስ ደግሞ በሦስት ተከታታይ ሲዝኖች 29 ዓመቱ ነው (አቤት መታደል!)። ይህንን ለቅመው ያወጡት የድራማው ጠላቶች አይደሉም፤ ደጋግመው ያዩት ወዳጆቹ ናቸው። የጠላውን ድራማ ሦስት ጊዜ የሚያይ ማን አለ?

እኛም ብንሆን ዓይን አላነሰንም። በፋና ቴሌቪዥን የታየውን «ምን ልታዘዝ»ን አስታውሱ። የአንድ ካፌ ወሬ የሀገር ወሬ መሆኑ የገባን ማስታወሻ ተጽፎልን አይደለም። እያንዳንዷን ነገር እየፈተሽን ነው የሳቅነው።

የእኔ ጠብ ታዲያ ለቃሚዎቹ አበዙት ከሚሉት ጋር አይደለም። ከራሳቸው ከለቃሚዎቹ ጋር ነው፤ አሳነሱት! ቦሌ ላይ ንስር የሆነው ዓይናችሁ ወይጦን ሲሻገር ምን ያዘው?

ኮሜዲው «ከኦሞ የመጣ ሰው» ባስፈለገው ቁጥር የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ጨሌ ከዚህ፣ ቀለም ከዚያ፣ ላባ ከሆነ ቦታ፤ በቃ፣ «ሐመር» ተሠራ። እኛም እንስቃለን። ማንም ስህተት አይለቅምም።

እስቲ አልዱባን እንይ።  ማክሰኞ ገበያዋ ላይ በና፣ ፀማይ፣ አሪና ሐመር ይገናኛሉ። ቋንቋቸው እንኳ አንድ ወገን አይደለም፤ የፀማይ ኩሻዊ ነው፣ የሌሎቹ ኦሟዊ። እዚያ ጌጥ ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም፣ ይነበባል። ሐመር ዘንድ ከፊት ለፊት ጉጥ ያለው የአንገት ጌጥ የመጀመሪያ ሚስት ምልክት ነው። የከብት ዝላይ የሐመር፣ የበናና የበሻዳ ወጣቶች ሥርዓት ነው። የሙርሲ ሴቶች የከንፈር ሸክላ ከዚህ ሁሉ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ሌላ ሕዝብ፣ ሌላ ቋንቋ።

እንግዲህ ላላገባች ልጅ የመጀመሪያ ሚስት ጌጥ አንገቷ ላይ የሚያስር ድራማ ቢመጣ፣ ይሄ ከጠፋው ቀለበት በምን ያንሳል? ያው ቀለበት እኮ ነው! የአልዱባ ገበያተኛ ገና ሳትናገር ይይዘዋል። እኛ ግን የሲኒውን ቡና በሚሊ ሊትር እንለካለን።

«ኮሜዲ ነው፣ በጀት የለም» የሚል መልስ ይመጣል። ቡናው ከጎደለ አንድ ሲኒ ተሳሳተ። ጌጡ ከተሳሳተ ግን ነገ ከአልዱባ ለትምህርት አዲስ አበባ የሚመጣ የበና ልጅ፣ ገና ስሙን ሳይናገር፣ በቲቪ ባየነው ጨሌ እንስቅበታለን። ከንፈሩን፣ ልብሱን፣ ከብቱን እንጠይቀዋለን። የስክሪኑ ስህተት ዶርም ድረስ ይከተለዋል። በጀቱም ቢሆን ሰበብ ነው፤ ጂንካ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም አለ፣ ለመጠየቅ አንድ ስልክ ይበቃል።

ስለዚህ ለቃሚዎች ሆይ፣ በርቱ፣ ልቀሙ። ግን «ይሄ ማን ነው? ከየት ነው? ይሄንን ማን ያደርገዋል?» የሚለውንም አብራችሁ ጠይቁ። እሱን ትታችሁ ሲኒ ብቻ የምትቆጥሩ ከሆነ፣ «ሥራ ፈት» ያሏችሁ ሰዎች ልክ ሊሆኑ ነው።